ቪቼንዛን ዘለሏት

ስለ አውሮፓ ኪነ ጥበብ ታሪክ የጻፉት ጽሑፍ ደስ ይላል፣ እጅዎ ይባረክ። ግን ሥዕሉን፣ ቴአትሩንና ኪነ ሕንፃውን ለየብቻ ከፋፍለው ሲተርኩ፣ ሦስቱ አንድ ጣራ ሥር የገቡበትን ቤት መዝለልዎ ቆጨኝ። ጣሊያን፣ ቪቼንዛ ያለውን ቴአትሮ ኦሊምፒኮ የተባለውን የቴአትር ቤት ማለቴ ነው። አርክቴክቱ ፓላዲዮ እ.ኤ.አ. በ1580 ጀመረው፤ በዚያው ዓመት ሞተ። ስካሞዚ የሚባለው አርክቴክት ተረክቦ መድረኩ ላይ የጥንቷን የግሪክ ከተማ የቴብስን ጎዳናዎች በእንጨትና በልስን ሠራ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ከወንበርዎ ሆነው ሲያዩት መንገዱ ማለቂያ የለውም። እውነቱን ከጠየቁ ግን ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ወለሉ ወደ ኋላ ከፍ ይላል፣ ቤቶቹ እያጠሩ ይሄዳሉ፣ ግራና ቀኙ ይጠባል። ሠዓሊዎቹ ሸራ ላይ የተካኑበትን የርቀት ስሌት ስካሞዚ በእንጨት አቆመው ማለት ነው። ተዋናይ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከገባ አለቀለት፤ ቁመቱ ከፎቁ እኩል ይሆናል! ስለዚህ ጨዋታው ሁሉ ከፊት ነው።

ቴአትር ቤቱ በ1585 ቴብስ ውስጥ በሚካሄደው የጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክለስ «ንጉሥ ኤዲፐስ» ተከፈተ። ለዚያ ትርኢት የተሠራው ጎዳና እስከ ዛሬ አልፈረሰም። ቀጥሎ የመጣው የኪነ ጥበብ ዘመን ባሮክ ላይ ሲደርሱ እባክዎ የመድረክ ሠሪዎቹን አይርሱብን።