ፒያሳ የቱ ጋ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛዬ ደወለ። «የት ነህ?» አለኝ። «ፒያሳ» አልኩት። «እኔም ፒያሳ ነኝ፤ የቱ ጋ ነህ?» በቃ፣ ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፒያሳ ለአንዱ ጊዮርጊስ ነው፣ ለአንዱ ማዘጋጃ ቤት፣ ለሌላው ሲኒማ ኢትዮጵያ። በ2016 ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ ሰው አቅጣጫ የሚነግርህ በሌለ ነገር ሆኗል። «ዶሮ ማነቂያ የነበረበት ጋ ና» ይልሃል። የነበረበት ጋ እንዴት ነው የሚቆመው?

ቃሉ የጣልያን ነው። እነሱ «ፒያትሳ» ይሉታል፤ ዙሪያው ቤት፣ መሃሉ ባዶ፣ ሰው ወጥቶ የሚንሸራሸርበት ክፍት ቦታ። አያቱ ግን ግሪክ ነው። «ፕላቴያ» ይባል ነበር፣ ሰፊ መንገድ ለማለት። ሮማውያን ወሰዱት፤ ከነሱ ፈረንሳይ «ፕላስ»፣ ስፔን «ፕላዛ» እያሉ ተከፋፈሉት።

ለኛ የደረሰን ከ1928 እስከ 1933 በነበረው ወረራ ነው። ከዚያ በፊት ሰፈሩ አራዳ ነበር፤ ጊዮርጊስን ተጠግቶ ትልቁ ገበያ የሚቆምበት። ጣልያን ገበያውን አንስቶ ወደ ምዕራብ ወሰደውና መርካቶ አለው፤ እሱም በራሱ ቋንቋ «ገበያ» ማለት ነው። አርበኛው አምስት ዓመት ተዋግቶ ሰውየውን አስወጣልን። ቃሉን ግን የነካው የለም። እንዲያውም ሐዋሳ የተቆረቆረችው ጣልያን ከወጣ ስንት ዓመት በኋላ ነው፣ እሷም ፒያሳ አላት! ይህ እንግዲህ በማንም አይላከክም፣ ወደን ነው።

የሚገርመው ደግሞ ዓድዋ ላይ ጣልያንን ያሸነፉት ምኒልክ ፈረሳቸው ላይ ሆነው የቆሙት እዚያው ነው። ጣልያን ሐውልቱን አንስቶት ነበር፤ ሲወጣ ተመልሶ ቆመ። የዓድዋ መታሰቢያም እዚያው ተሠራ። ታክሲ ላይ ግን ወያላው አሁንም «ፒያሳ! ፒያሳ!» ነው የሚለው።

የራሳችን ቃል የለንም እንዳትሉኝ፤ አደባባይ አለ። ድሮ አደባባይ ዳኛ የሚያስችልበት፣ አዋጅ የሚነገርበት ነበር። «የአደባባይ ሰው»፣ «የአደባባይ ምሥጢር» የምንለው ለዚህ ነው። ዛሬ መንጃ ፈቃድ ያለውን ሰው አደባባይ ምንድን ነው ብትሉት መኪና የሚዞርበት ክብ ነው ይላችኋል። እውነቱን ነው። መስቀል አደባባይን ስንተወው፣ ሰው የሌለበት ቦታ ቢኖር አደባባይ ነው። መሃሉ ሣር፣ ዙሪያው ክላክስ።

«ፕላዛ»ማ ጭራሽ ሌላ ነው። ያ ስንት አገር ዞሮ የመጣ የሜዳ ስም እዚህ ሲደርስ ፎቅ ሆነ። በሩ ላይ ጥበቃ አለ፤ እጅህን ዘርግተህ ትፈተሻለህ፣ ቦርሳህን ትከፍታለህ። እኔ አንድ ጊዜ ምሳ ዕቃዬን ሳይቀር ከፍቼ ሽሮዬን አሳይቻለሁ። ጥበቃው ጎንበስ ብሎ አየውና «እለፍ» አለኝ፣ ትንሽ እያዘነልኝ።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስና፣ ስንከራከር ቆይተን «አደባባዩ ጋ፣ ምኒልክ ጋ» ተባባልን። ደረስኩ። እሱም ደርሷል። እኔ በዚህ በኩል፣ እሱ በዚያ በኩል፣ ምኒልክ መሃል ላይ። እጁን አወዛወዘልኝ፣ እኔም አወዛወዝኩ። አንድ እግሬን አስፋልቱ ላይ ሳሳርፍ ሚኒባሱ ክላክሱን ለቀቀው፣ ትራፊኩም ፊሽካውን ነፋብኝ። ተመለስኩ። ስልኬ ጠራ።

«እሺ፣ እንዴት ነህ?» አለኝ ከማዶ።

«ደህና ነኝ፤ ከሳህሳ!» አልኩት።