ለክብርት ወይዘሮ ክብ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የዓመት እረፍት እንዲወጡ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር፣ ኢንተርኔቱ እስኪመጣ ጠብቅ እያሉ መሃሉ ላይ ሲሽከረከሩ አገኝዎታለሁ። እስቲ ትንሽ አረፍ ይበሉ ብዬ ነው የጻፍኩልዎት። ወገብ አይደለም እንዴ!

ትናንት ማኪያቶ ጠጥቼ በስልክ ልክፈል አልኩ። ብሩን ጻፍኩ፣ የሚስጥር ቁጥሬን አስገባሁ፣ እርስዎ መጡ። አስተናጋጇ ቆመች። እርስዎ ዞሩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ገልመጥ አደረጉኝ። «ኔትወርክ ነው» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ዘንድሮ ገንዘብ ያለውም የሌለውም የሚለው ይህንኑ ነውና ማን ይመነኝ? በመጨረሻ በካሽ ከፍዬ ወጣሁ። በር ላይ ስደርስ ከስልኩም ተቆርጦ ኖሯል።

እኔን የሚያበግነኝ ግን መዘግየቱ አይደለም። ሥራ ላይ ያሉ መምሰልዎ ነው። ለካ እርስዎን የሚያዞርዎት ራሱ ስልኬ ነው! ከሰርቨሩ (መልሱን ከሚልከው ከወዲያኛው ኮምፒውተር) አንዲት ነገር ባትመጣም፣ የሆነ ቦታ ገመዱ ቢበጠስም፣ ፕሮግራሙ «ዙሪ» እስካለ ድረስ ይዞራሉ። መዞርዎ የሚያረጋግጥልኝ ስልኬ ባትሪ እንዳለው ብቻ ነው። አንዴ ጉዳይ ይዤ ስመላለስ «በሂደት ላይ ነው» ይሉኝ የነበሩትን ሰውዬ አስታወሱኝ። ፋይሉ መሳቢያቸው ውስጥ ነበር።

የመቆም ነገር ከተነሳ፣ ፈረንጆቹም ቀምሰውታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሎውረንስ በርክሌይ ላብራቶሪ ወደ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው የኢንተርኔት መስመር በሴኮንድ ከ32 ሺህ ቢት (የመረጃ ቅንጣት ማለት ነው) ወደ 40 ቢት ወረደ። አርባ ሺህ አይደለም፣ አርባ። ሁለቱን የሚለያቸው 400 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዲስክ ይዞ በእግሩ የሄደ ይቀድም ነበር። ነገሩ መጨናነቅ ነው። ኮምፒውተሮቹ የዘገየው መልእክት የጠፋ እየመሰላቸው ደግመው ደግመው ይልካሉ፤ ታክሲ በር ላይ ሁሉም ሲጋፋ ማንም እንደማይገባው ማለት ነው። ቫን ጃኮብሰን የሚባል ሰው ከባልደረባው ጋር ሆኖ መላ ዘየደ። መንገዱ ሲጨናነቅ ቀንሱ፣ ሲለቀቅ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ኢንተርኔት እስከ ዛሬ ቆሞ የሚሄደው በዚህ ጨዋነት ነው። (ሜክሲኮ አደባባይ ላይም ቢሞከር አልጠላም።)

ከዚያ ወዲህ ምን ያልመጣ አለ? ግንቦት 2014 ዓ.ም. ፋይቭ ጂ አዲስ አበባ ገባ ሲባል የጡረታ ደብዳቤዎ የወጣ መስሎኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ደግሞ ዋይፋይ 7 የሚባል አዲስ የዋይፋይ ትውልድ መጣ። በወረቀት ላይ በሴኮንድ እስከ 46 ጊጋቢት፣ 46 ቢሊዮን ቢት ማለት ነው! እኔ ጋ እስካሁን የደረሰው ወረቀቱ ነው።

የምኖረው ሰርቪስ ቤት ነው። ራውተሩ፣ ዋይፋዩን የሚረጨው ሳጥን፣ ያለው በአከራዬ በእትዬ ሳሎን ውስጥ ነው። ለወራት ጥፋቱን በእርስዎ እያላከክኩ ከረምኩ። ባለፈው እሁድ ቡና ተጠርቼ ስገባ ግን በዓይኔ አየሁት። ቡፌው ውስጥ፣ ከእንግዳ ስኒዎቹ መሃል፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ተቆልፎበት። ዳንቴሉ እንኳ ምንም አላደረገም፤ ክር ሞገድ አያግድም። ጉዱ የቡፌው የጀርባ መስታወት ነው፣ መልክ የሚያሳየው። መስታወት ጀርባው ላይ ስስ ብረት አለው፤ ሞገዱ ሲመጣ መልሶ ይመታዋል። ቡፌው ደግሞ ጀርባውን የሰጠው ለማን መሰለዎት? ለእኔ ክፍል። 46 ጊጋቢቱ ቢመጣ እንኳ ከስኒዎቹ ጋር ሲጫወት ነው የሚውለው።

«እትዬ፣ ከቡፌው ቢወጣ እኮ ይፈጥናል» አልኳቸው።

«ሜዳ ላይ ሆኖ እንዳይባክን ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ፣ ቁልፉን መቀነታቸው ጫፍ ላይ እየቋጠሩ።

ስለዚህ ክብርት ሆይ፣ የእረፍት ጥያቄውን ላልተወሰነ ጊዜ አንስቻለሁ። ይዙሩ።

ከሰላምታ ጋር፣
ራሱ የዞረበት ተከራይ

ግልባጭ፦
ለቡፌው