«ሌባ ምን ያደርግለታል?»

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ላይ በተካሄደ የመንገድ ሥራ ስብሰባ አንድ አማካሪ መሐንዲስ የተናገሩት ነገር እስካሁን አልዋጥልኝ ብሏል። የአፈሩን ጥቅጥቅነት የሚለካው የጨረር መሣሪያ ለምን ፒካፕ ላይ ያድራል ተብለው ተጠየቁ። «ሌባ ምን ያደርግለታል? ገዢ የለው!» አሉ። ቤቱ ሳቀላቸው።

ለመሆኑ ሌባ የሚሰርቀውን አጥንቶ ነው እንዴ የሚሰርቀው? ደሴ፣ ሆቴል በር ላይ የቆመ ፒካፕ አስቡ። ከኋላው ቢጫ ሳጥን አለ፣ ከትርፍ ጎማው ጋር በሲባጎ ታስሯል። ሌባው የሚያየው ውድ የሚመስል የፈረንጅ ዕቃ ነው። ባለሦስት ክንፉ የጨረር ምልክትማ የቬንትሌተር ማስታወቂያ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ውስጡ ያለው ግን ሌላ ነው። በመሣሪያው ዘንግ ጫፍ ሲዚየም 137 የሚባል ጨረር አመንጪ፣ ከታች ደግሞ ሌላው ጨረር አመንጪ፣ አሜሪሲየም 241፣ ቤሪሊየም ከሚባል ብረት ጋር። የሲዚየሙ ጨረር በግማሽ እስኪቀንስ 30 ዓመት ይፈጃል። የአሜሪሲየሙ ከ430 ዓመት በላይ።

ገዢ የለውም? ገዢውማ በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ ይዞራል። በኪሎ ይገዛል፣ ምንነቱን አይጠይቅም። ከእሱ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ አይሱዙ። ማታ ደሴ የጠፋ ሳጥን ጠዋት ሐረጎን ወርዷል። ከዚያ ምናለሽ ተራ ይግባ ብረት ማቅለጫ ማን ያውቃል? መንገድ ላይ ደግሞ የእርሳስ ብረት አገኝበታለሁ ብሎ በመዶሻ የሚፈረካክሰው አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ1987 ብራዚል ጎያኒያ የሆነው ይኸው ነው። ሁለት ሰዎች ከተዘጋ ክሊኒክ የካንሰር ማከሚያ ማሽን አካል ነቅለው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡ። በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራውን ሲዚየም ዘመድ ከጎረቤት ተከፋፈለው። አራት ሰው ሞተ፣ 249 ሰው ተበከለ፣ 112,000 ያህል ሰው ተመረመረ። ገዢ የለው!

እርግጥ የዚያኛው ኃይል የእኛን መለኪያ ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1998 ግን ስፔን ውስጥ አንድ የሲዚየም ጨረር አመንጪ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተደባልቆ ማቅለጫ ምድጃ ገባ። ሰው አልሞተም። ኪሳራው 26 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። እስቲ ይህን ሒሳብ ለአንድ የእኛ ብረት ፋብሪካ ባለቤት ንገሩትና ይሳቅላችሁ።

አሜሪካኖች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠባቂ አጠገቡ በሌለበት ሰዓት እንዲህ ያለ መሣሪያ በሁለት የተለያዩ መቆለፊያዎች እንዲታሰር አስገድደዋል። ለምን? ብዙውን ጊዜ የሚሰረቀው ከመኪና ላይ ስለሆነ ነዋ! እኛ ደግሞ ስፖኪዮ ነቅለው በሚሸጡበት አገር ሲባጎ ይበቃል እንባላለን።

ማንም ተአምር አልጠየቀም። ሰንሰለት፣ ሁለት ጓጉንቸር፣ ማታ ተረክቦ የሚፈርም ሰው። ለዚህ በጀት የለንም የሚል አለቃ ካለ የአበሉን መዝገብ ይዞ ይምጣና እንተሳሰብ።