ሁለት ባላ የተከለ ካርቶን

አሜሪካ ውስጥ የብስኩት ካርቶን ፊቱ ላይ «16 አውንስ፣ 454 ግራም» ይላል። ጀርባው ላይ ስኳሩና ጨው በግራምና በሚሊግራም ብቻ ተቆጥረዋል፤ እዚያ አስተርጓሚ አላስፈለገም። ፊቱ ግን እ.አ.አ. በ1992 በተሻሻለው የፌዴራል የማሸጊያ ሕግ ምክንያት አውንሱንም ግራሙንም መሸከም አለበት፤ «ሜትሪክ ብቻ ይበቃል»፣ ማለትም ግራምና ሊትር ብቻ ይጻፍ፣ የሚሉ ቢኖሩም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይሉ የለ? ችግሩ አንደኛው ባላ፣ አውንሱ፣ ሲተከልም ነቀዝ የበላው ነበር።

አውንስ ሞክሼ አለው። አንዱ ክብደት ነው፣ 28.35 ግራም፤ ሌላው ፈሳሽ ይሰፍራል፣ 29.57 ሚሊ ሊትር። ውሃ ላይ ስለሚቀራረቡ ሰው ያምናቸዋል፤ ጉዱ የሚፈላው ማር ሲመጣ ነው። 8 አውንስ ማር 227 ግራም ይመዝናል፤ ማር ከውሃ 1.4 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ግን 160 ሚሊ ሊትር ገደማ ቦታ ብቻ ይይዛል። «8 ለ8 ነው» ብሎ 237 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ያዘዘ አሻጊ ሲሶው ባዶ ሆኖ ይቀርበታል። ገዥው ደግሞ ሞክሼውን ሳይሆን አሻጊውን ያማል።

ነጥቧማ ከሞክሼው ትብሳለች። 1.6 ፓውንድ እና 1 ፓውንድ ከ6 አውንስ ለቸኮለ ዓይን አንድ ናቸው። ፓውንድ 16 አውንስ ነውና የፊተኛው 726 ግራም፣ የኋለኛው 624 ግራም ይሆናል። 102 ግራም በነጥብ ቀዳዳ ሾለከ ማለት ነው።

ወይን ከ1979፣ ጠንካራ መጠጥ ከ1980 ጀምሮ እዚያው አገር በሜትሪክ መጠን ይታሸጋሉ። ጠጪው ሞቅ ብሎትም 750 ሚሊ ሊትሩን አይስተውም፤ ሻምፑ ገዥው ጨዋ ግን አውንስ እጁን ካልያዘው መንገድ ይጠፋዋል ተብሎ ይፈራለታል።

«ሜትሪክ ብቻ ይበቃል» ባዮች የሚለምኑት ግዴታ ሳይሆን ፈቃድ ነው፤ አውንስ የሚወድ አሻጊ መጻፉን ይቀጥላል። አጻጻፉም አያስቸግርም፤ ቁጥሩ ከ1 እስከ 1000 መሃል እንዲውል መለኪያውን መምረጥ ነው። 0.5 ኪሎ ሳይሆን 500 ግራም፣ 1500 ግራም ሳይሆን 1.5 ኪሎ። «1 ኪሎ ከ500 ግራም» የሚባል ነገር የለም፤ መደባለቅ የአውንስ ዘመድ አመል ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ እስከ 2009 መጨረሻ ከሜትሪክ ጎን የሚጻፈውን ሌላ መለኪያ ሊያስቀር ቀጠሮ ይዞ ነበር። ወደ አሜሪካ የሚልኩ አምራቾች ሁለት ዓይነት ካርቶን ማሳተም ሊኖርብን ነው ብለው ጮኹና ቀጠሮው ተሰረዘ። አውንስ በሰው አገር ያለ ጊዜ ገደብ የመኖሪያ ፈቃድ አገኘ፤ ፊደሉ ከግራሙ ፊደል እንዳይበልጥ ብቻ ተነግሮታል።