በየከተማችን ፈጣኖች ነን፤ ጎጃም ግን ውድድር የላትም

ይህ በጋም እንዳለፉት በጋዎች ሁሉ ሳንገናኝ ሊያልቅ ነው። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራና በሞጣ የሪሞት መኪና የሚያሽከረክሩ፣ እየፈቱ የሚገጥሙ፣ የተሰበረውን በእጃቸው ሠርተው የሚተኩ ወጣቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ቪዲዮ እንላላካለን፣ በየቪዲዮው ሥር «የእኔ ይቀድማል» እየተባባልን እንከራከራለን፤ ነገር ግን በአንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ሕግ ተሰልፈን ማን እንደሚቀድም አይተን አናውቅም። ነገሩ ሲያብሰለስለኝ ስለቆየ ዛሬ የሆዴን ዘርዝሬ ልጽፈው ወስኛለሁ፤ ርዝመቱን ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ለምን እንዳልተገናኘን ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው ገንዘብ የለም፣ ዕቃ የለም ይላል። ዕቃው ብርቅ መሆኑን እኔም አልክድም። መኪናው የሚደርሰን ከውጭ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ ውስጥ ስለማይፈቀድ መንገደኛው በእጁ መያዝ አለበት። እኛ የምንጠቀምበት ባለ ሁለት ሴል፣ 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ 37 ዋት ሰዓት ብቻ ስለሆነ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚቀበሉት የ100 ዋት ሰዓት ወሰን እጅግ ያነሰ ነው። ይህንን ለዘመዱ አስቀድሞ ያስረዳ ሰው ባትሪው ይደርሰዋል፤ ያላስረዳ ግን ባትሪው ፍተሻ ላይ ይቀርበታል። መቆጣጠሪያውን አይተው የድሮን ነው በማለት ይዘው ለወራት ያመላለሱን ሰዎችም አሉ። ይህ ሁሉ ያበሳጫል። ሆኖም ይህን ሁሉ መከራ አልፎ የገባው ዕቃ ዛሬ በየከተማው፣ በየቤቱ አልጋ ሥር ተቀምጧል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ያለንን ይዘን መገናኘት አለመቻላችን ነው።

አንድ ወንድማችን መኪናውን በካርቶን ጠቅልሎ፣ ሌሊት ተነሥቶ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ድረስ መጣ። ገና ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርስ የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው ትልቁ የፕላስቲክ ጥርስ (ማርሽ) ተበላበት። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይዞርም፤ ሽፋኑን ሲከፍተው የተፈጨ ነጭ ፕላስቲክ ከሻንሲው ላይ ተከምሯል። በዙሪያው የነበርን ሁሉ ሣጥናችንን ከፍተን ዘረገፍንለት። ጥርስ ሞልቶ ተርፎ ሳለ አንዱም አልገጠመለትም። ፒችና ሞጁል የጥርስን ልክ የሚገልጹ ሁለት መለኪያዎች ናቸው፤ የእሱ 48 ፒች ነው፤ የአንዳችን ሞጁል 0.6 ነው፤ የሌላችን ሞጁል 1 ነው። 48 ፒችና ሞጁል 0.6 በዓይን ሲታዩ ልዩነታቸው አይታወቅም፤ ነገር ግን 48 ፒች በሞጁል ሲሰላ 0.53 ገደማ ስለሆነ የአንዱን ፒኞን (በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚገባውን ትንሽ ጥርስ) ከሌላኛው ጥርስ ጋር ገጥሞ የሚነዳ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛ ጥርስ ፍለጋ ይወጣል። ያ ወንድማችን ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ቀኑን ሙሉ የተገለበጠ የሰው መኪና ሲያነሣ ዋለ። «ዕድሉ ነው» ያሉት ሰዎች ነበሩ። እንዴት ዕድሉ ይሆናል? ስለ ጥርስ ዓይነት አንድ ቀን ተነጋግረን ብንስማማ ኖሮ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወደ ሜዳ ይመለስ ነበር።

ስምምነቱ የሚያመጣው ጥቅምም በዚህ አያበቃም። ሁላችንም አንድ ዓይነት ጥርስ፣ አንድ ዓይነት የቸርኬ መያዣ፣ አንድ ልክ ያላቸው ኩሽኔታዎች ብንይዝ በጋራ ገዝተን በየከተማው አንድ የመለዋወጫ ሣጥን ማስቀመጥ እንችላለን። ፒኞን ፍሬዛ (ብረት የሚቀርጽ ማሽን) ባለው ቤት በብዛት ማስቀረጽ ይቻላል፤ አንድ ፍሬ ብቻ ለማስቀረጽ ለሚመጣ ሰው ግን ባለ ሙያው ሥራውን አያቆምም። ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ ልጅ የመኪናው የፊት ጎማ መያዣ ክንድ ሲሰበርበት ከወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ ላይ ቆርጦ፣ በስቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሎ ገጥሞታል፤ አይቼዋለሁ፣ ከፋብሪካው ቢከብድም አይሰበርም። የእሱን ልክ የያዘ መኪና ያለን ሰዎች ብዙ ብንሆን ኖሮ ይህ ልጅ ዛሬ ለጎጃም ሁሉ ክንድ የሚሠራ ባለ ሙያ በሆነ ነበር።

የውድድር መደቡ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። በየከተማው ውድድር ተብሎ የሚደረገው አንድ ስምንተኛ ልክ ያለው (የእውነተኛው መኪና ስምንተኛ እጅ የሆነ)፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ባለ አራት ሴል መኪና አንድ አሥረኛ ልክ ካለውና በኋላ ጎማው ብቻ ከሚገፋ መኪና ጋር ተሰልፎ ነው። ከዚያ ባለ ትልቁ ያሸንፋል፣ ቪዲዮውም ይለቀቃል፣ ባለ ትንሹም ዳግመኛ አይመጣም። የዓለም አቀፉ የሞዴል መኪና ውድድር ፌዴሬሽን፣ ኢፍማር፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በካሊፎርኒያ ዴል ማር የመጀመሪያውን የአንድ አሥረኛ የአፈር ሜዳ የዓለም ሻምፒዮና ሲያካሂድ ባለ ሁለቱንና ባለ አራቱን ጎማ ገፊ ለይቶ ነው ያወዳደረው። ለረዥም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው ደንብ ባለ ሁለቱ ከ1499 ግራም፣ ባለ አራቱ ከ1588 ግራም በታች እንዲሆን አይፈቀድም፤ የእያንዳንዱ ሩጫ ጊዜም አምስት ደቂቃ ነው። እነዚህ ሰዎች ግራም የሚቆጥሩት ሥራ አጥተው አይመስለኝም፤ ውጤቱ የገንዘብ መሆኑ ቀርቶ የነጂው እንዲሆን ነው።

የእኔን አቋም በግልጽ ልናገር። የጋራ መደባችን አንድ አሥረኛ ልክ ያለው፣ በኋላ ጎማ የሚገፋ፣ 540 የሚባለው ባለ ብራሽ የጀማሪዎች ሞተርና 7.4 ቮልት ባትሪ ያለው መኪና መሆን አለበት። ብራሽለስ (ብራሽ የሌለው ሞተር) ያላቸው ወንድሞቼ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። ለእነሱ ባለ 17.5 ዙር ሞተር ሁለተኛ መደብ ማበጀት ይቻላል፤ በሞተሩ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ ዙር ሲበዛ ፍጥነቱ ስለሚረግብ ለትንሽ ሜዳም ይስማማል። ነገር ግን በ540 ሞተር የሚጀምሩት ጀማሪዎች ስለሆኑ፣ የሚያድገውም ማኅበረሰብ ከእነሱ ስለሆነ መሠረቱ እዚያ ላይ ይጣል እላለሁ። የነዳጅ መኪና ይግባ የሚሉም አሉ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ባሕር ዳር ላይ ተስተካክሎ የሄደ የነዳጅ ሞተር እዚያ ሲደርስ ይታፈናል፣ እንደገናም የነዳጁን መጠን የሚወስነው መርፌ መስተካከል አለበት። ሜታኖልና ናይትሮሜቴን የተቀላቀለበት ነዳጁስ ከየት ይመጣል? ኤሌክትሪኩ አየር አይስብም፤ በቆላም በደጋም ያው ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። ይህ ስፖርት ባለበት አገር ሁሉ የራሱን ሩጫ የጨረሰ ተወዳዳሪ ከነጂዎች መቆሚያ ወርዶ፣ መቆጣጠሪያውን አስቀምጦ፣ በሜዳው ጥግ ላይ ቆሞ ለሚቀጥለው ቡድን ማርሻል ይሆናል። የተገለበጠውን መኪና ያነሣል፣ የሚመጣውን አይቶ ያሳልፋል፣ ከዚያ በጎማው ያቆመዋል። ዛሬ አንተ ታነሣለህ፣ ነገ ያንተ ይነሣልሃል፤ ወንፈል ማለት ነው። ወንፈል ባለበት አገር ያደግን ሰዎች ይህ እንዴት ይጠፋናል? የገበሬ ልጅ ሆኖ ጎረቤቱ አጭዶለት የጎረቤቱን አዝመራ ጥሎ የሚሄድ ሰው በሰፈሩ ውስጥ ቀና ብሎ መሄድ አይችልም። እኛ ዘንድ ግን ጥሩ መኪና ያለው ሰው ሩጫውን ጨርሶ፣ መኪናውን ጠራርጎ፣ ጥላ ሥር ማኪያቶውን ይዞ ይቀመጣል። በዚያው ሰዓት አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መኪናው በጀርባው ተገልብጦ፣ ጎማው አየር ላይ እየዞረ፣ ከመቆሚያው ላይ ሆኖ «እባካችሁ አንሡልኝ» እያለ ይለምናል። ከአምስት ደቂቃ ሩጫ ላይ አንድ ደቂቃ ሲሄድበት አምስተኛው እጅ ሄደበት ማለት ነው። ይህ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም፤ ባለመምጣቱም ማንም አይፈርድበትም። ሌላ አገር ማርሻልነቱን ትቶ የሄደ ሰው ከማጣሪያ ሩጫዎቹ ምርጡ ይሰረዝበታል። እኛም ያንን ደንብ ያለ ልዩነት፣ ለታዋቂም ለጀማሪም፣ ከመጀመሪያው ቀን እንድናጸድቅ እጠይቃለሁ።

የዙር ቆጠራውም እንዲሁ ሥርዓት ይፈልጋል። ውጭ አገር በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ መለያ አስተላላፊ ይገጠማል፣ በሜዳው መስመር ሥር የተቀበረው ሽቦም መኪናው ሲያልፍ ይመዘግበዋል። ያ ውድ ስለሆነ ለጊዜው ይቅርብን። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ቆጣሪ ከነወረቀቱ መድቦ፣ መስመሩ ላይ ደግሞ አንድ ስልክ ቪዲዮ እንዲቀርጽ አድርጎ ማቆም በቂ ነው። በዙር ቁጥር ተጣልተው እስካሁን የማይነጋገሩ ወንድሞች ስላሉ ነው ይህን የማነሣው።

ሜዳውን በተመለከተ የባሕር ዳሩ «እኛ ዘንድ ኑ» ይላል፣ የደብረ ማርቆሱም «እናንተ ኑ» ይላል፤ ሁለቱም ሳይሄዱ ክረምቱ ይገባል። አፈሩ ራሱ መልስ አለው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በደጀን በኩል ያለው ዋልካ በጋ ላይ ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ አንድ አሥረኛ ልክ ያለውን ጎማ ይውጣል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይለጠፋል። በመራዊ፣ በዳንግላና በእንጅባራ በኩል ያለው ቀይ አፈር ግን ውኃ ረጭተው ሲደቀድቁት ይጠነክራል፣ ጎማም ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው የጋራ ሜዳ በመካከሉ ባለችው በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ቢሆን ከሁለቱም ወገን የሚመጣው ሰው መንገዱን ይካፈላል። መንገዱ ሰላም የሆነበትን ጊዜ መርጦ መሄድ የሁላችንም ግዴታ ነው፤ ማንም ሰው ለውድድር ሲል ሕይወቱን ለአደጋ እንዲያጋልጥ አልፈልግም።

እንጅባራን ካነሣሁ አይቀር፣ በዚያች ከተማ በየዓመቱ ጥር 23 የሚሆነውን እናስታውስ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዚያን ዕለት ከየወረዳው ፈረሱን ሸልሞ ይሰበሰባል። ቀኑ የታወቀ ስለሆነ ለሰዉ መጥሪያ መላክ አያስፈልግም። እኛ ግን ስልክ በእጃችን ይዘን፣ በሰከንድ ቪዲዮ እየተላላክን፣ አንዲት ቀን መቁረጥ አቅቶናል። ቀኑ ከታወቀ ሰው ባትሪውን ቀደም ብሎ ያዘጋጃል፣ ተማሪው ፈተናውን አይቶ ይወስናል፣ ነጋዴው ሱቁን ለማን እንደሚተው ያስባል። ቀኑ ሳይታወቅ ግን ሐሙስ ማታ «እሑድ ኑ» የሚል መልእክት ይመጣል፤ የሚደርሰውም የዚያው ከተማ ሰው ብቻ ነው።

ቦታ እንዲፈቀድልን አንድ ጽሕፈት ቤት ደጅ ጠንተን፣ መጀመሪያ ማኅበር ሁኑ ተባልን፤ ማኅበር ለመሆን ስንሄድ ደግሞ ቦታ አሳዩ ተባልን። «የልጅ መጫወቻ ነው» ብሎ ወረቀታችንን ሳያነብ የመለሰልን ሰውም አለ። ከአንድ ከተማ በመጡ ጥቂት ወጣቶች ስም የተጻፈ ማመልከቻ በቀላሉ ይመለሳል። ከአምስት ከተማ የተፈረመበት፣ ደንብ የተያያዘበት፣ የውድድር ቀን የተቆረጠበት ማመልከቻ ግን እንዲያ በቀላሉ አይመለስም ብዬ አምናለሁ።

ክረምቱ ሊገባ ነው፤ እስኪወጣ ያለውን ጊዜ ለዝግጅት እንጠቀምበት። የመጀመሪያው የጋራ ውድድር ኅዳር ላይ ይሁን፤ ያን ጊዜ ዝናቡ ያባራል፣ መሬቱ እርጥበቱን ገና አይጨርስም፣ ኩሽኔታ የሚበላው አቧራም አይበረታም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል እያንዳንዱ ከተማ በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ የሚሠራ ቻርጀር ይዞ ይምጣ፤ 5000ውን ባትሪ በ5 አምፒር ለመሙላት አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ተራ ይያዝ፤ ያበጠ ባትሪ ደግሞ ወደ ሜዳው እንዳይገባ።

እስከዚያው ግን በየከተማው ያላችሁ ሁሉ ስንት መኪና እንዳላችሁ፣ ልካቸው ስንት እንደሆነ፣ ጥርሳቸው 48 ፒች ይሁን ሞጁል 0.6 ወይም ሌላ፣ ሞተራቸው ባለ ብራሽ ይሁን ብራሽለስ ጻፉልኝ። እኔ አንድ ላይ አድርጌ ለሁላችሁም እመልሳለሁ፤ የሚበዛው የጥርስ ዓይነት የጋራችን ይሆናል። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ልጆች እንደምትጽፉ አውቃለሁ። የሞጣ፣ የብቸና፣ የቡሬና የዳንግላ ልጆች ግን ድምፃችሁ ብዙም ስለማይሰማ የእናንተን በተለይ እጠብቃለሁ፤ አንድ መኪና ብቻ ያለው፣ እሱም የተሰበረበት ሰው ቢሆን ይጻፍልኝ።