ለቅሶ በእዝባር

ሰሞኑን በእድራችን የቴሌግራም ቡድን የተላለፈው መርዶ እንዲህ ይላል፦ «ለእ/አባላት በሙሉ፦ የአቶ ተ. ባ/ቤት ስላረፉ ቀ/ሥ/ሥ ዛሬ በ9 ሰዓት ቅ/ገ/ቤ/ክ ይፈጸማል።» ከሥሩ እድርተኛው ተሰልፏል። «ነ/ይ»። «ነ/ይ»። «ነ/ይ»። አንዷ ቸኩላ እዝባሯን፣ ያቺን ዘመም ያለች ጭረት፣ ስለዘለለቻት «ነይ» ብላ ጽፋለች፤ ሟቿን ትጥራ ጎረቤቷን አልታወቀም። ሌላው ከነጭራሹ ፊደል አልነካም፤ አውራ ጣቱን ቀስሮ ልኳል። ሰው ሞተ ሲባል አውራ ጣት! አንብቤያለሁ ለማለት ነው አሉ።

«ነፍስ ይማር» ስድስት ፊደል ነው። አራቱን ቆጥቦ ምን ሊገዛባቸው ነው?

በእድራችን ስማቸው በ«ተ» የሚጀምር አባወራዎች ሞልተዋል፤ ተስፋዬም፣ ተካም፣ ተሾመም፣ ተፈራም አሉ። የማንኛቸው ባለቤት እንዳረፉ ለማጣራት ግማሹ ሠፈር ሲደዋወል አረፈደ። አንዷ ወይዘሮ ስልኩን ራሳቸው አንስተው «ኧረ እኔ አለሁ፣ ምን ሆናችሁ?» ብለዋል። የድሮው ለፋፊያችን እንዲህ ያለ ጉድ አያመጣም ነበር። ጎህ ሳይቀድ ጥሩንባውን ይነፋና የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ ቤቱን ከነምልክቱ፣ የቀብሩን ሰዓት ከነደብሩ በረጅሙ ይለፍፋል፤ የሠፈሩ ውሻ ሁሉ ያጅበዋል። እዚህ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ የተኛ ሰው ሳይቀር ማን እንደሞተ ለይቶ አውቆ ነጠላውን ያዘቀዝቃል።

ይህንን ለወጣቱ የእድር ጸሐፊ ባነሳለት ምን አለኝ? «ጋሼ፣ ለብልህ አይነግሩም።» ተረቱንም ቆረጠው! ሙሉው «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» ነው፤ እኔ ደግሞ ከድሮም የምወደው ሁለተኛውን ነው። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዶ ማየት ነው። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቅርፊቱን ፍቀው፣ ሆዱን ከፍተው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ በስስ ቢላዋ ሲለዩት ዓይን አይከተላቸውም። ለሰው እንዲህ ተመትሮ ከነዳጣው ይቀርባል። ዳር ላይ የቆመው ትልቁ አሞራ፣ አባ ኮዳ፣ ግን የተጣለለትን ጭንቅላትና አጥንት እንዳለ ተቀብሎ፣ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ይውጠዋል። የዘመኑ ጸሐፊ «ብልህ አንባቢ» የሚለው አባ ኮዳን ሳይሆን አይቀርም፤ ሥጋውን ለራሱ አስቀርቶ አጥንቱን ይወረውርልናል።

ማሳጠር ትናንት የመጣ አይደለም። የድጓ ሊቃውንት ከጽሑፉ በላይ አንድ ሁለት ፊደል ጣል አድርገው ሙሉ ዜማ ያመለክታሉ። ይህን ምልክት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት ይተረካል። ነገር ግን ያቺን ፊደል የሚያነብ ሰው ዜማ ቤት ገብቶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ ነክሶት ነው የተማራት። የእኛን «ቀ/ሥ/ሥ» የትኛው ጉባኤ ቤት ተምሬ ላንብበው?

ቴሌግራም ድሮ በቃል ነበር የሚከፈልበት። «እናትህ ታመዋል ቶሎ ና» ብሎ የላከ ሰው ሰላምታ የነፈገው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቃል ሳንቲም ስለሚያስወጣው ነው። ዛሬ በዚያው ስም በሚጠራው መተግበሪያ ላይ አንድ ቃልም መቶ ቃልም ዋጋቸው እኩል ሲሆን፣ ቁጠባው ባሰ። እርግጥ ስልኩም መጀመሪያ ላይ በድሎናል። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ለላቲን ፊደል 160 ቦታ ሲሰጥ ለእኛ ፊደል የሚሰጠው 70 ብቻ ነው። ሕዝቡም አማርኛውን በላቲን መጻፍ ያዘ፤ ያም አልበቃ ብሎት አናባቢዎቹን በላቸው። ሰላምታዋን ከአናባቢ አራቁተው ሦስት ፊደል ላይ አደረሷት። በእኛ ፊደል «ሰላም» ስንት ነው? ሦስት! ያውም አናባቢዋን በጉያዋ ይዛ። ተሰድዶ፣ ተርቦ፣ ያው የተነሡበት መድረስ ይሉሃል ይህ ነው።

ደግሞ እኮ ማስረዘም አቅቶን አይደለም። የድሮ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብሎ፣ የዘመድ አዝማዱን ደህንነት በየተራ ጠይቆ፣ የከብቱን አውርቶ፣ ፍሬ ነገሩ ከገጹ ግርጌ ይመጣ ነበር። ያ ርዝመት ዛሬ የት ሄደ? ቢሮ ገባ። ሦስት መስመር የማይሞላ ጉዳይ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ይጀምራል። ተሞከረ! ሞክሮ ካልተሳካለት ማኅተም መትቶ ለምን ይልከዋል? መጨረሻው ላይ ደግሞ ገና ላልተደረገለት ትብብር በቅድሚያ ያመሰግናል። እናት ለሞተችበት ሰው ሁለት ፊደል፣ ለጠፋ የጽሕፈት መሣሪያ ሁለት ገጽ ከነግልባጩ።

የራሱን ስም ግን ቢሮውም ይቆርጣል። በደርግ ጊዜ ያደግን ሰዎች ኢሠፓአኮን አንረሳም፤ በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን ነው። ኋላ ፓርቲው ሲመሠረት ጭራው ተቆርጦ ኢሠፓ ሆነ። ከዚያ ሐዋሳ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልላዊ መንግሥት መዲና ስትሆን፣ በየቢሮው ታፔላ ላይ «ደ/ብ/ብ/ሕ/ክ/መ» ተሰቀለ። ጮክ ብሎ ለማንበብ መጀመሪያ ውኃ መጎንጨት ያስፈልግ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን፣ ሦስት ፊደል ነው፣ አሁንስ ተገላገልን ብዬ ነበር። ብዙም ሳይቆይ «ሲ/ብ/ክ/መ» ሆኖ መጣ።

የእኔ ቂም ግን ከዚህ ሁሉ ይብሳል። የአባቴ ስም ገብረ መስቀል ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት የነበረ መዝገብ ያዥ፣ ቀለም ይሁን ጉልበት ሊቆጥብ፣ «ገ/መስቀል» ብሎ ጻፈኝ። ሌላ ወረቀት ላይ ሁለቱ ቃላት ተጋጥመው፣ ሌላው ላይ ተነጣጥለው ተጻፉ። ዘመኑ ሠልጥኖ ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ እዝባር አልቀበልም አለ። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ወረቀቶቼን ደርድራ «አባባ፣ እነዚህ እኮ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው» አለችኝ። ሦስቱም እኔ ነኝ ብል ማን ይስማኝ! እኔ እኔ ስለመሆኔ ምስክር ቆጥሬ ፍርድ ቤት ቆምኩ። ያ መዝገብ ያዥ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ጡረታውን እየበላ ሐይቁ ዳር ይናፈሳል። የአባቱ ስም ሁለት ፊደል ስለሆነ ማንም አልቆረጠበትም።

ወደ እድራችን ልመለስ፤ ነገር ነገርን እየጎተተ አራቀኝ። ያረፉት የአቶ ተፈራ ባለቤት ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር፤ ቀብራቸውም በደንቡ ተፈጽሟል። አሁን ደግሞ ለእሑድ ስብሰባ ተጠርተናል፤ አጀንዳው «የመ/አ/ጉ» ይላል። ግራ ጎረቤቴ የመዋጮ አከፋፈል ጉዳይ ነው ይላሉ። ቀኝ ጎረቤቴ የመጋዘን አጥር ጉዳይ እንደሆነ ይምላሉ። ባለቤቴ በበኩሏ የመሪ አመራረጥ ጉዳይ ነው፣ አንተ ብቻ እንዳትመረጥ ብላኛለች። የቀረ ሰው ስለሚቀጣ፣ ገንዘብም አካፋም ይዤ እሄዳለሁ።