የድሮ ሰው ሁሉ መቶ ዓመት አልኖረም

ጋሼ፣ «የድሮ ሰው ማርና ቅቤ እየበላ መቶ ዓመት ይኖር ነበር፣ የዛሬ ትውልድ ግን በሃምሳው አለቀ» ያሉት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተገላቢጦሽ ነው። በፈረንጆቹ 1990 አካባቢ የኢትዮጵያ አማካይ ዕድሜ 50 እንኳ አይሞላም ነበር። አሁን ከ65 አልፏል። ያኔ ዝቅ ያለው ሽማግሌ ስላልነበረ ሳይሆን ሕፃናቱ ስለሚያልቁ ነው፤ ከአምስት ልጅ አንዱ ገደማ አምስት ዓመት ሳይሞላው ይሞት ነበር።

የዘጌዋ አያቴ ዘጠኝ ወልዳ አራት ነው የቀሩላት። ቡና እያፈላች በጣቷ ስትቆጥራቸው አንዱ ላይ ዝም ትላለች፣ ክርስትና ሳይነሳ ስለሞተ ስም የለውም። እኛ የምናየው እንደሷ የተረፉትን ነው፣ የሞቱትን ማን ያወራላቸዋል? በፈረንጆቹ 1958 የወባ ወረርሽኝ ብቻ በአገሪቱ ወደ 150 ሺህ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ፈንጣጣም ነበር፣ ዛሬ ልጆቻችን ስሙን እንኳ አያውቁትም።

ጣና ድሮ ይሻል ነበር ካሉኝ ግን አልከራከርዎትም። እምቦጭ ሐይቁን መውረር የጀመረው በቅርቡ ነው፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ታንኳ የሚያግደው አልነበረም።